የምስል ጎረቤት



ባለፈው እሑድ ጠዋት አክስቴ ከሪያድ ደወለችልኝ። «ልጄ፣ አየኸው?» አለችና ድምጿ ተቆረጠ። በቤተሰባችን ግሩፕ ላይ አንድ ቪዲዮ ገብቶ ነበር። አጥንታቸው የወጣ ሕፃናት፣ በንጋት ጭጋግ ውስጥ ቡትቶ ተከናንበው ሜዳ ላይ የተኮለኮሉ ሰዎች፣ ከጀርባ ሆድ የሚያባባ ዋሽንት፣ ከላይ ደግሞ የአንድ ወረዳ ስምና «በዚህ ሳምንት» የሚል ጽሑፍ። አክስቴ ሌሊቱን ስታለቅስ ነው ያደረችው። ሰው ቤት ሠርታ ከምታገኘው ቀንሳ ቪዲዮው ላይ ወደተጻፈው የባንክ ሂሳብ ልትልክ ተነሥታ ነበር።

እኔ ገና የመጀመሪያዎቹን ሴኮንዶች ሳይ አወቅሁት። ኮረም ነው፤ የ1977 ዓ.ም. ረሃብ። ምስሉ አርባ ዓመት አልፎታል። ስነግራት ዝም አለች፤ ቆይታ «ታዲያ ውሸት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

መልስ አጣሁ። ሕፃናቱ እውነት ናቸው። ረሃቡም እውነት ነበር። የተጠቀሰው ወረዳ አለ፤ የተቸገረ ሰውም አይጠፋበትም። እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ብታዩት እንከን አታገኙበትም። ውሸቱ ያለው መጋጠሚያው ላይ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ስለ ቴሌቪዥን፣ ስለ ማስታወቂያና ስለ ኢንተርኔት ስንነጋገር «ጎጂ ነው ወይስ ጠቃሚ?» እያልን ነው የምንከራከረው። እኔ ክርክሩ አንድ ነገር የሚዘል ይመስለኛል። ምስል ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የሚያናግረው ጎረቤቱ ነው። ከፊቱ ምን መጣ? ከኋላው ምን ተከተለ? ከሥሩ ምን ተጻፈ? ከጀርባው ምን ተዘፈነ? ይህን ለማስረዳት ሩቅ አልሄድም፤ የራሳችን ታሪክ ይበቃል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት፣ ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ነው። በጃንሆይ በዓል ተመርቆ የተከፈተው ጣቢያ፣ አሥር ዓመት ሳይሞላው ጃንሆይን መሸኛ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ላይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር፤ መንግሥት ግን እንዳይሰማ አድርጎ ያዘው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ወርደው ያመጡትን ፎቶግራፍ በግቢው ውስጥ ለተማሪ አሳዩ። በጥቅምት 1966 ደግሞ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ «ያልታወቀው ረሃብ» የሚል ርእስ የሰጠውን ፊልም አገሩ ላይ በቴሌቪዥን አቀረበ። የእንግሊዝ ሕዝብ አይቶ ደነገጠ፤ ገንዘብም አዋጣ። በዚያ እልቂት ስንት ሰው እንዳለቀ ግምቱ ይለያያል፤ ከ40 ሺህ የሚነሳ አለ፣ 200 ሺህ የሚያደርስ አለ።

የኢትዮጵያ ተመልካች ግን ፊልሙን ያየው ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው። ቀኑ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የዕንቁጣጣሽ ማታ። ያኔ ሥልጣኑን ከሞላ ጎደል ጨብጦ የነበረው ደርግ ፊልሙን እንዳለ አላሳየም። በመሃል በመሃሉ ሌላ ምስል ሰካበት። የቤተ መንግሥት ግብዣ። ትልቅ የድግስ ኬክ። ጃንሆይ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ። የወሎ እናት ታልፋለች፣ ኬኩ ይመጣል። የወሎ ሕፃን ያልፋል፣ ውሻው ይመጣል።

አባቴ ያን ማታ ፊልሙን ያየው ፒያሳ አካባቢ በአንድ ቡና ቤት በር ላይ ቆሞ ነው። ያኔ ቴሌቪዥን በየቤቱ አልነበረም፤ ሰው ባለበት ሄዶ ነበር የሚያየው። አባቴ ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም፤ ስለዚያ ማታ ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ነግሮኛል። «ያሳዩን የምናውቀውን ነው። ቤተ መንግሥት ግብር እንደሚበላ እናውቃለን። ወሎ ሰው እያለቀ መሆኑንም ሰምተናል። ሁለቱን ግን ባንድ ላይ አስበናቸው አናውቅም ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት ጃንሆይ ከዙፋናቸው ወርደው በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ከቤተ መንግሥታቸው ተወሰዱ። በመንገድ ዳር «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ከጥቂት ወራት በፊት እኒያው ሰዎች መኪናቸው ስታልፍ እጅ ይነሱ ነበር።

ንጉሡን የጣለው ፊልሙ ነው የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ወታደሩ ቀድሞ ጨርሶት ነበር፤ መምህሩ፣ ባለታክሲው፣ ተማሪውም ከየካቲት ጀምሮ ተነሥቷል። ፊልሙ ያደረገው ሌላ ነው፤ ጃንሆይን ይወድ የነበረው ሰው በዚያች ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ እንዳያለቅስላቸው አደረገ። ይህም ቀላል ሥራ አይደለም።

አንድ ነገር በሐቅ ልናገር። ያ ቅንብር ውሸት አልነበረም። ግብዣውና ረሃቡ ባንድ አገር፣ በተቀራራቢ ዘመን የነበሩ ናቸው፤ ተለያይተው እንዲታዩ ያደረገው ሥልጣን ነበር። ሁለቱን ማገናኘት እውነትን መግለጥ ነው። ጥያቄው ያገናኟቸው ሰዎች ለተራበው አዝነው ነው ወይስ ለሌላ ጉዳይ የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ ከአሥር ዓመት በኋላ መጣ።

መስከረም 1977 ዓ.ም.። አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ይዟል፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ተመሥርቷል፤ አዲስ አበባ በቀይ ባንዲራ አሸብርቃለች። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም በቀለም ማሠራጨት የጀመረው ለዚያው በዓል ነው። ሰሜኑ ግን ያኔም እየተራበ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከመጋቢት 1976 ጀምሮ የሚመጣውን እልቂት ለለጋሾች እያስታወቀ ነበር። ጃንሆይን በረሃብና በኬክ ጎን ለጎን የከሰሰው መንግሥት፣ የራሱን ድግስ በቀለም አሳየ፤ ኮረምን ከድግሱ ጎን የሚያስቀምጥ ግን በአገሩ ውስጥ አልተገኘም። ፊልሙን የሚቆርጠውና የሚቀጥለው መቀስ ያለው ባለድግሱ እጅ ነበር።

ኮረምን ያሳየው የውጭ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1984 የቢቢሲው ማይክል በርክ ያዘጋጀው፣ ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ያነሣው ዘገባ ተላለፈ። ርዝመቱ ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው። ንጋት ላይ ይጀምራል፤ ጭጋግ፣ ብርድ፣ ሜዳውን የሞላ ሰው። ያ ዘገባ ከ400 በሚበልጡ የዓለም ጣቢያዎች ታየ። አክስቴ ስታለቅስበት ያደረችው ምስል ከዚያ ዘመን የተቀዳ ነው። እነዚያ ምስሎች ባይኖሩ ኖሮ እህሉ ባልመጣ፣ የሞተውም በብዙ በበዛ ነበር።

ሆኖም ያ ምስልም የራሱን ጎረቤት አገኘ። አይርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ዘገባውን አይቶ በዚያው ዓመት ዘፋኞችን ሰበሰበና ለገና አንድ ዘፈን አወጡ። የዘፈኑ ርእስ «ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የሚቀርበው ስለማን ነው? ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ክርስትናን ስለተቀበለ አገር፤ ከኮረም ብዙም ሳይርቅ ላሊበላ ላይ ሌሊቱን በማሕሌት ቆሞ ገናን ስለሚያከብር ሕዝብ። እስላሙም ቢሆን የጎረቤቱን ገና ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ዘፋኞቹ ክፉ አላሰቡም፤ የሰበሰቡት ገንዘብም ሕይወት አድኗል። ዘፈኑ ግን ከምስሉ ጎን ሲቀመጥ የተራበውን ሰው ምንም የማያውቅ ፍጡር አደረገው።

በሐምሌ 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ በአንድ ቀን ታላቅ ኮንሰርት ተደረገ። በዚያ ላይ የካናዳ ቴሌቪዥን ያነሣው የትግራይ ረሃብ ምስል ታየ፤ ከጀርባው የተለቀቀው «ድራይቭ» የተባለ የፍቅር ዘፈን ነው። ስለ ረሃብ አንድም ቃል የለውም፤ ተጎድታ ራሷን መምራት ስላቃታት ፍቅረኛ ነው የሚዘፍነው። ከምስሉ ጋር ሲጋጠም ግን ዓለም አነባ፤ ገንዘቡም ጎረፈ። በምስሉ ውስጥ ለሞት ጥቂት ደቂቃ ቀርቷታል የተባለች ሕፃን አለች።

አክስቴም ቆየት ብላ ስለ ሕፃናቱ ጠየቀችኝ፤ «ታዲያ እነዚያ ልጆች የት ደረሱ?»

ያቺ ሕፃን አልሞተችም። ብርሃን ወልዱ ትባላለች። አድጋ፣ ተምራ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በተደረገ ሌላ ኮንሰርት መድረክ ላይ ቆማ ታይታለች። ስሟን ለአክስቴ ስነግራት «እሰይ!» አለች፤ በዚያ ዘመን ምስሎች ውስጥ ያለ ሰው ስም እንዳለው ስትሰማ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። እስቲ አስቡት፤ የሌሎቹን ስም አናውቅም። ጦርነቱም በምስሉ ውስጥ የለም። ሰሜኑን ያኔ የከዳው ዝናብ ብቻ አልነበረም፤ የጦር ሜዳም ነበር፤ እህል የጫነ መኪና የሚያልፈውም የማያልፈውም በጠመንጃ ፈቃድ ነው። ተመልካቹ ያየው ግን ደረቅ መሬትና የተዘረጋ እጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ማስታወቂያው መጣ። የረድኤት ድርጅቶች ዝንብ የወረራት ሕፃን ፊት ከባንክ ሂሳብ ቁጥር ጎን እያስቀመጡ በየጋዜጣውና በየቴሌቪዥኑ ለዓመታት አሳዩ። ሕፃኗ አለች፣ የለጋሹ ገንዘብ አለ፤ በመሃል እናቷ የለችም፣ ገበሬ አባቷ የለም፣ የአገሯ ሐኪም የለም። ነገሩ ራሳቸውን ድርጅቶቹን ስላሳሰባቸው የአውሮፓ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች በ1989 እ.ኤ.አ. ስለ ምስል አጠቃቀም የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። ቪ.ኤስ.ኦ. የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ጥናት ደግሞ፣ ከ100 እንግሊዛውያን 80ዎቹ ታዳጊ አገር ሲባል በአእምሯቸው የሚመጣው ረሃብ፣ መከራና የምዕራቡ እርዳታ መሆኑን ገልጿል። ይህ ከኮንሰርቱ 17 ዓመት በኋላ ነው! ሜሪላንድ ያደገው የአጎቴ ልጅ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ምሳ ዕቃውን ሲከፍት ልጆቹ «እናንተም አገር ይበላል?» ይሉት ነበር። ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ ያንን ሲያነሣ ግን አሁንም ፊቱ ይለዋወጣል።

የንግድ ማስታወቂያም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የቢራ ማስታወቂያ በቴሌቪዥናችን ላይ የነበረበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። «ጠጡ» የሚል ቃል ብዙም አልነበረበትም። ጠርሙሱን ከዶሮ ወጥ ጎን፣ ከሚመረቅ ልጅ ጎን፣ ከጀግኖች አባቶች ጎን፣ ከስታዲየም ጭፈራ ጎን ያስቀምጡታል፤ በቃ። ለዓመታት እንዲህ ጎን ለጎን ሲያዩ ያደጉ ልጆች ቢራ የሌለበት ዓውደ ዓመት ጎዶሎ ሆኖ ይታያቸው ጀመር። ዱሮ ግን ጠላና ጠጅ እናቶቻችን ለበዓል የሚጠምቁት፣ ጌሾው በቤት የሚወቀጥ፣ ልክ ያለው ነገር ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ እንዳይተላለፍ ሲከለክል፣ ጣቢያዎች ገቢያችን ተነካ ብለው አዘኑ። ሐዘናቸው ይገባኛል፤ ቢሆንም እኔ የሕጉ ደጋፊ ነኝ። ልጆቼ ዕንቁጣጣሽን ከአበባ ጋር እንጂ ከጠርሙስ ጋር እንዲያያይዙት አልፈልግም።

እስካሁን የጠቀስኳቸው ሁሉ መቀሱን የያዘ ሰው ያላቸው ናቸው። ደርግ ይታወቃል። ቢቢሲ ይታወቃል። ማስታወቂያ አሠሪውም ከነአርማው አለ። ዛሬ በስልካችን ላይ ምስልን ከምስል ጎን የሚያስቀምጠው ማን ነው? ጣታችን ስታንሸራትት የልቅሶ ቪዲዮ ያልፋል፣ ወዲያው የጫማ ማስታወቂያ ይመጣል፣ ወዲያው የሰባኪ ድምፅ፣ ወዲያው ዘለፋ። ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ስሌት ነው፤ የስሌቱም መለኪያ ስልኩ ላይ ምን ያህል እንደቆየን ነው። የሚያስቆጣና የሚያስደነግጥ ነገር ደግሞ ሰውን ያቆያል። በዚያ ላይ ማንም ሰው የፈለገውን ጽሑፍ በፈለገው ፎቶ ላይ መለጠፍ ይችላል። ባለፉት የጦርነት ዓመታት ከሌላ አገር የመጣ ሬሳ የእኛ ተብሎ፣ የዱሮው የዛሬ ተብሎ ሲዞር ስንቱን አየን።

ይህ ነገር እስከ ሞት እንደሚያደርስ የሚያሳይ አንድ ጉዳይ አለ፤ በልባችሁ ያዙት። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ፎቷቸው ከክስ ጋር፣ ከሚኖሩበት ሰፈር ስም ጋር ተጣምሮ በፌስቡክ ተለጠፈ። ፎቶው እውነተኛ ነው፤ የእሳቸው ነው። ከጎኑ የተቀመጠው ጽሑፍ ግን ደማቸውን ለማንም የሚሰጥ ነበር። ልጃቸው አብርሃም ልጥፉ እንዲነሣ ለኩባንያው ደጋግሞ እንዳመለከተ ይናገራል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 2021 ፕሮፌሰሩ ከቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። ኩባንያው ጥላቻን ለመከላከል ብዙ እንደሚሠራ ይናገራል። ፍርዱን ፍርድ ቤቱ ይስጥ። እኔ የሚያንገበግበኝ ግን ያንን ልጥፍ አይተው «ሼር» የተጫኑት ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ የሰው ነፍስ ለማጥፋት አልመው አልነበረም። ያደረጉት አንድን ምስል ከነጎረቤቱ ወደ ሌላ ቤት ማሳለፍ ነው።

በ1967 ዓ.ም. ምስልን ከምስል ለማጋጠም ጣቢያ መያዝ ያስፈልግ ነበር፤ ወታደርም ያስፈልግ ነበር። ዛሬ አክስቴ ሪያድ ሰው ቤት ኩሽና ውስጥ ቆማ ታደርገዋለች፤ እኔም አደርገዋለሁ፤ እናንተም። እኔ ራሴ በዚሁ ቻናል ላይ ፎቶ ስለጥፍ ከየት እንዳመጣሁት ሳልጽፍ የተውኩባቸው ቀናት አሉ። ካሁን በኋላ አይሆንም።

አክስቴ በመጨረሻ ገንዘቡን ላከች፤ ቪዲዮው ላይ ወደተጻፈው ሂሳብ ግን አይደለም። ስሙ በተጠቀሰው ወረዳ አስተማሪ ሆኖ የሚሠራ የሩቅ ዘመድ እንዳለን አስታወስን። ደወልንለት። በትምህርት ቤቱ ቁርስ ሳይበሉ የሚመጡ ልጆች እንዳሉ ነገረን፤ ቁጥራቸውን ነገረን፤ ለምግብ የሚያስፈልገውንም ነገረን። ፎቶ እንዲልክልን አልጠየቅነውም። የአሥራ አንድ ልጆችን ስም ግን ጽፎ ላከልን፤ አክስቴ ስማቸውን በወረቀት ጽፋ በፍሪጁ በር ላይ ለጥፋዋለች።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዛሬ ማታ በቤተሰባችሁ ግሩፕ ላይ የሚያስለቅስ ወይም የሚያስቆጣ ምስል ሲገባ፣ ከማስተላለፋችሁ በፊት የላከላችሁን ሰው ሦስት ነገር ጠይቁት። የት ነው? መቼ ነው? ማን አነሣው? ካላወቀ እዚያው ይቅር። በዚህ ቻናል ላይ እኔም እነዚህን ሳልጽፍ የለጠፍኩት ምስል ካገኛችሁ ከሥሩ ጻፉልኝ፤ አነሣዋለሁ።